መታን

እሑድ ማታ፣ ቡሬ፣ ከደጊቱ ዲሽ ቤት፣
አሥር ብር የከፈለ አሠልጣኝ የሚሆንበት፣
ቆርቆሮው በነሐሴ ዶፍ ሲደበደብ፣
የበቆሎ እሸት ጢስ ከላብ ጋር ሲደራረብ፣
ስማችንን የማያውቅ አንድ ቀጫጫ ልጅ
ኳሷን ቢልካት ወደ መረቡ ደጅ፣
"አገባን!" አልን።
እኛ! ከአግዳሚው ያልተነሳን፣
ሜዳውን በሕልም እንኳ ረግጠን የማናውቅ፣
ማልያ ለብሰን በሰው ላብ የምንጠመቅ።

ዕረፍት ሆነ። ደጊቱ ጣቢያ ቀየረች።
አንዲት ሴት ፊቷ ሳይጠቁር ዜና አነበበች፦
ሌሊት፣ በሩቅ አገር፣ አንድ ተራራ ተመታ፤
የኑክሌር ማብላያ አለ ይባላል በሆዱ፣ የተኛ በዝምታ።
ገና "ዝርዝሩን" ስትል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤
ግማሹ "እሰይ" አለ፣ ግማሹ "ወየው" አለ፤
ማንም አልጠየቀም፣ በተራራው ሥር ማን ይኖራል፣
በማሳው ላይ ምን ይዘንባል፣ ውኃውን ማን ይቀዳል።

"እባብ" አለ ሽባባው፣ የልኳንዳው ጌታ፣
"በእንቁላሉ ሳለ ነው የሚመታ።"
"ጫጩት ቢሆንስ?" አለች ሳንቲም ቆጥራ ደጊቱ፣
"ከተሰበረ ወዲያ ለማን ይነገራል ጥፋቱ?"
መምህር ይትባረክ፣ ፊዚክስ የሚያስተምረው፣
"እባብም ጫጩትም አይደል" አለ፣ "በዚያ የተቀበረው፤
ቢፈስ አይጠረግም፣ ድንበር አይጠይቅ ነፋሱ፤
ለልጅ ልጅ ዕዳ ነው እሱ።"
"መምህር!" አለ አንዱ ከኋላ፣ "ወሬውን ተው፤
ይልቅ ንገረን፣ ደጋፊነትህ የማን ነው?"

እኔን አዩኝ ቀጥሎ። ሃያ ዓመት ሙሉ
የመስመር ዳኛ ነኝና "አንተ ፍረድ" አሉ።
"እኔ የማውቀው" አልኩ፣ "ኳስ ከእግር ሳትወጣ
ባንዲራ አይነሳም፣ አጥቂው የቱንም ያህል ቢቆጣ፤
ቢያደባ፣ ቢቋምጥ፣ ዓይኑ ደም ቢለብስ፣
ምኞት ከጨዋታ ውጭ አይባልም፣ እግር እስኪደርስ።"
አጨበጨቡ። እኔ ግን አፌ መረረ፤
ሌላው ግማሽ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፦
ያቺኛዋ ኳስ አንዴ ከተለጋች
ባንዲራ የሚያነሳ ክንድ መቼ ታስተርፋለች?
ለሽባባው አልነገርኩትም። ማን ይወዳል?
በገዛ መረቡ ላይ ጎል ማን ያገባል?

አንሙት ጥግ ነበር። ግራ ጆሮው የቀረ መድፍ ሥር፣
በቀኙ ነው የሚሰማው፣ አንገቱን ሲያዞር።
"ምን አሉ?" ሲል፣ "መታን!" አለው አንድ ጎረምሳ።
"ማን መታን?"
"እኛ ነና!"
ቤቱ በሳቅ ተነሳ።
አንሙት አልሳቀም። "እኔም" አለ፣ "አንድ ሌሊት
በሬዲዮ 'መታን!' ብዬ ጮህኩ፣ ሲነድ እያየሁት፤
በዚያው ሞገድ፣ በዚያው ቃል፣ በእኔው ዓይነት ጉሮሮ፣
'መታን!' አለ አንዱ ከማዶ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።
የገደል ማሚቶ መስሎኝ ነበር።"

ቅኔ ቤት የገባ አልነበረም ከመሃላችን፣
ቃሉ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ ካፋችን፦
የመታም "መታን" ይላል፣ የተመታም "መታን"፤
አንዲት "ን" ናት፣ እዚህም እዚያም ያስጮኸችን።

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ። አንድ ለአንድ።
ደጊቱ እንኳ ቆማለች፣ ትርፏን ትታ፣ እንደ ወንድ።
ኳሷ ከእግር ወጣች፤
መብራት ጠፋ።
ዝናብ ብቻ ቀረ፣ ከጣራው ላይ የሚያንኳፋ።
ሽባባው ደምበጫ ላለ ወንድሙ ደወለ፣
ያንኑ ማልያ ለሚለብስ፣ ላንዱ ክለብ ለማለ።
"ረታን!" ሲል ሰማነው፤ መስመሩ ተቆረጠ።
አንድ ሰው ሊጨፍር ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ።
ሽባባው ስልኩን ይዞ ቆመ፣ ለሳቅም ለለቅሶም እንዳመነታ።
አንሙት በጨለማው ውስጥ፣ ቀኝ ጆሮውን አዙሮ በዝግታ፣
"ማን?" አለ።