ሌላ ካለ ይግለጹ

ከማራኪ ግቢ ሳይነጋ ወጥቼ፣
ሰባ አራት ጥያቄ ቦርሳዬ ከትቼ፣
ቆላ ድባን አልፌ ጎርጎራ ስደርስ፣
ሚኒባሱ ቆሞ አቧራው ሲመለስ፣
ከጉልበት በታች ውሃ ውስጥ ቆመው፣
ደንገል በግራ እጅ፣ ማጭድ በቀኝ ይዘው፣
አገኘኋቸው አያ ይማምን፣
በእግራቸው ሲገፉ የእንቦጩን ክምር፣ ያን የማይበላውን።

ቁጥር አንድ፦ «ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኋቸው።
«አልሐምዱሊላህ።»
ብዕሬ ቆመች።

አንድ፦ እጅግ ጥሩ። አምስት፦ እጅግ መጥፎ።
ምስጋና የት ይግባ፣ በየትኛው ሳጥን ተጽፎ?
የታመመም ያመሰግናል፣ የዳነም ያመሰግናል፣
የሞተበትም ሰው «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል፤
በእኛ አገር ሰላምታ በሽታን ይሸፍናል።
ይህን ያላወቀ ነው መጠይቁን የጻፈው፣
ከሩቅ አምጥቶ አማርኛ ያለበሰው።
(አማርኛ ያለበስሁት እኔው ራሴ ነበርሁ፤
ለእያንዳንዱ ገጽም አበል ተቀብያለሁ።)

ቁጥር ስድስት፦ ነገድ።
ምርጫውን አነበብሁ። አራት ስሞች ነበሩ።
አያ ይማም ሲሰሙ ወደ ሐይቁ ዞሩ።
«ከእነዚህ ውስጥ የለሁም። ምን ትጽፊያለሽ?»
አያታቸው ታንኳ በሰፉበት ዳርቻ፣
ስማቸው «ሌላ» ነው፣ ቁጥር አምስት ብቻ።

ቁጥር ሃያ ሦስት፦ «ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል?»
«በእግር ቅርብ ነው፤ እፍኝ ሽንብራ ሳያልቅ ይደረሳል።
ከበሩ እስከ አልጋው ግን ቀኑ ይመሻል።
ነርሷ ለሌላው በባዶ እጅ፣ ለእኛ ግን በጓንት፣
ግንባሬን ነካችው እንደ ጋለ ብረት።
ትኩሳቱስ ለቀቀኝ በሦስተኛው ቀን፤
ያ ጓንት ነው እንጂ እስከ ዛሬ ያልለቀቀን።»

ሁለት ኪሎሜትር ብዬ ጻፍሁ።

ቀትር ላይ ባለቤታቸው ዘምዘም ቆሮሶ ጠብሰው፣
በሣህን አቀረቡ፣ በርበሬ ነስንሰው።
የቀበሌው መሪዬ ከዋርካው ሥር ቆሞ፣
«እኔ ጾም ነኝ» አለ፣ ከንፈሩን ገጥሞ።

ማክሰኞ ነበረ።
በዓለ ሃምሳ ነበረ።

ዘምዘም ሳቁ። ሳቃቸው የቆየ ነው፣ ያወቀ፤
ሣህኑን ወደ እኔ ገፉት፣ ነገሩም አለቀ።
በላሁ። እሾሁን ለቀምሁ። ጣቴን ላስሁ።
ጀግና የሆንሁ መሰለኝ፤ ከራሴ ጋር ታረቅሁ፤

እስካስታውስ ድረስ
የእናቴን አጥር፣ የቆላ ድባውን፣
ከደጅ ቁልቋሉ ላይ የሚንጠለጠለውን
ቅል፤
ዓሣ ሻጩ ሲጠማው ብቻ ውሃ የሚቀዳበት፣
ከቤት ገብቶ የማያውቅ፣ እኛ አፍ ያላሳረፍንበት።
ሰባት ዓመቴ ላይ ጠጣሁበት አንዴ፤
በአመድ ፈተገችኝ፤ ጮህሁ፦ «ቅሉ ምን አለበት እንዴ?»
አልመለሰችልኝም።

ሰባ አራቱ ጥያቄ ጠጪውን ይመረምራል፤
ቅሉን የሰቀለውን እጅ ማን ይለካዋል?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ገለጥሁ።
ቁጥር ሰባ አራት፦ «ሌላ ካለ ይግለጹ።»
አያ ይማም ማጭዳቸውን በደንገል ጠረጉ።
«ሌላ ያልሽው እኔን አይደል ልጄ?
ይኸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ተገለጥሁልሽ።»

ማታ አዘዞ ላይ፣ መብራት በጠፋበት፣
ስልኬ ጮኸ። እናቴ።
«ጤና ነሽ?»
ተመስገን ልል አፌን ከፈትሁ፤
ዓሣው ገና ከጣቴ አልለቀቀም።
«እማዬ፣ ያ ቅል የት ደረሰ?»
«የቱ ቅል?»
ዝም አለች። ዝም አልሁ።
ሂሳቡ በእሷ ላይ እየቆጠረ።