ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት

በሻርጃ፣ አል ኻን ሰፈር፣ ከጣሪያው ሥር ባለች ክፍል፣
ቺለሩ ሌሊቱን ሲያጓራ፣ ቧንቧው በላብ ሲዝል፣
ግፊቱን እመዘግባለሁ፣ በየሰዓቱ አንዴ፤
ደሞዜ ለዚች ናት። ሃምሳው ደቂቃ ግን ለልማዴ።

ልማዴ ቼዝ መጫወት አይደለም፤ እሱን ብዙም አልችልም።
ተጫዋች እሠራለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ገና አላለቀችም።

ከሮላ ገበያ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ በሦስት መቶ ድርሃም፣
አንድ ፊደሏ የወለቀ፤ እስከዛሬ አልተካሁላትም።
ያቺን ፊደል ስፈልግ ጉድጓዷን በጥፍሬ እወጋለሁ፣
የጻፍኩትን ስመለስበት ትንሽ ቁጣ አገኝበታለሁ።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ሠራሁ፣ ስድሳ አራት ባዶ ቤት፤
የፈረሱን ዝላይ፣ የንጉሡን ፍርሃት፣
ወታደር ወደ ኋላ እንደማይል፣ አንድ በአንድ ነገርኳት።
ከዚያ ማስቆጠር ነው፦ «ከመነሻው አምስት እርምጃ፣ ስንት መንገድ አለ?»
መልሱ የታወቀ፣ የጸና ቁጥር ነው፤ የኔዋ ግን ጎደለ።
ከአራት ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ ከምናምን መካከል
ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት ብቻ። ይህን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል?

ሻጂ፣ አብሮኝ የሚያድረው የኬረላ ሰው፣ ሳቀ፤
«ባለ አራት ሚሊዮን ሆነህ ለሁለት መቶ ታዝናለህ?» አለና መፍቻውን ይዞ ራቀ።
እኔ ግን የጎደለ ደሞዝ ደጋግሜ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤
ሃያ ድርሃም ስትጠፋ ብሯ ሳትሆን፣ ከጀርባዋ ያለው እጅ ነው የሚያሳስበኝ።

ሐምሌ ነሐሴ አለፈ። ወበቁ መስታወቱን አጨፈገገው፣
ባሕሩም የፈላ ነው።
ላፕቶፗ እንዳትግል ከቀዝቃዛው ቧንቧ አጠገብ አስተኛኋት፣
ጠብታው እንዳያገኛት ቧንቧው ላይ ፎጣ አስሬ ከለልኳት።

መስከረም ላይ አገኘኋቸው፤ ሁሉም የአንድ ሕግ ሰለባ፤
ሁለት ቤት ዘሎ በባላጋራው ጎን ሹልክ ብሎ የገባ፣
ያን ወታደር ሕጉ፣ ላንዲት ተራ ብቻ፣ «ሲያልፍ ያዘው» ይላል፤
ተራዋ ካለፈች፣ አልፏል። ማንም አይጠይቀውም፤ ይኖራል።
ሕጉን ረስቼው ነበር። ለምን እንደረሳሁት ግን አልጠፋኝም፤
እኔም በጉብኝት ወረቀት ሁለት ቤት ዘልዬ ገባሁ፤ በዚያች ተራ ማንም አልያዘኝም።

ዛፉን መግረዝ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀ።
መንገዱ እንደማይበጅህ ካወቅህ፣ ምን ያህል እንደማይበጅ አትመርምር፤
ይህን ለማሽን ነገርኩ፣ ገባት፤ ለኔ ግን አልበጀ።

ስምንት እርምጃ ታያለች፤ ከዚያ ወዲያ አድማስ ነው፣ ጨለማ።
ክፉ ሲመጣባት ከንቱ ወታደር ትገብራለች፣
ከዓይኗ ከራቀ የቀረ እየመሰላት።
መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ አመለወርቅ ትዝ አለችኝ፣
«ለፋሲካ እመጣለሁ» እያልኩ ስንት ፋሲካ የገፋሁባት።

ጋሽ ደምለው፣ የአባቴ ወንድም፣ ወልድያ ላይ ልብስ ሰፊ፣
በድሮው ሰንጠረዥ ነበር የሚታወቅ፤ ተሳዳቢ፣ አሸናፊ።
ያ ጨዋታ በወረራ ይጀምራል፤ ተራ የሚባል የለም፣
አንዱ ጠጠር እስኪበላ ማንም ማንንም አይጠብቅም።
ይህን ላስተምራት ስድስት ወር ለፋሁ። አልሆነም።
ቁጭ ብላ ተራዋን ትጠብቃለች። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤
መጠበቅን ከአጥንቷ ድረስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ሌሊት ሻጂ መጣ። ቼዝ አያውቅም። በቺለሩ ክዳን
በጠመኔ ሰሌዳ ሣልኩ፤ ብሎንና ዳዶ ደረደርን።
«ሳትጠብቀኝ ሂድ» አልኩት። አልጠበቀኝም።
በሁለት እጁ ገፋ፣ እኔም ገፋሁ፤ ማን ማንን እንደበላ እስካሁን አልገባኝም።
ሳቃችን ከሞተሩ በላይ ወጣ፤ ዘበኛው በካሜራ አይቶን ደወለ።
የስምንት ሰዓቱ ግፊት ሳይመዘገብ አለፈ፤ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ
ከመዝገቡ አንድ መስመር ጎደለ።

ላፕቶፗ ከቧንቧው አጠገብ፣ ጠቋሚዋን ብልጭ ድርግም እያደረገች፣
አየችን ልበል?
ተራዋን ጠበቀች።