የቀረችዋ ቁራጭ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ በሁለት ጾም መሐል፣
ብርዱ ከበሬሳ ወጥቶ ጆሮ ይቆርጣል።
እኛ አራት ሰዎች ባንዲት ባጃጅ ታጭቀን
አንዴ ጠባሴ ነን፣ አንዴ መናኸሪያ ነን፣
አንዴ ስም የለሹ፣ ጎሚስታው ጀርባ ያለው፣
መዝጊያው የፋብሪካ ብርድ ልብስ የሆነው።

ቤት የሚመርጥልን ሸዋንግዛው ብቻ፤
ወጥ ቤቱን አሽትቶ፣ ልክ እንደ ዘመቻ፣
«ውጡ!» ካለ ወጣን፣ ውሃ ሳንጠጣበት።
የትርሲት ቦርሳማ ሚጥሚጣ አይጠፋበት።
ሒሳብ ሲመጣ እኔ ቀስ ብዬ ኪስ ዳባሽ፣
ሌላው እስኪቀድመኝ እጄን አመላላሽ።

ጥብሱ ሲያልቅ ታዲያ፣ አንዲት ቁራጭ ቀርታ፣
«ብላ» «ኧረ አንቺ ብይ» ስንል በይሉኝታ፣
በደብረ ብርሃን ብርድ ጮማ ሰው አይጠብቅም፣
ነጭ ሆኖ ለመርጋት ፈቃድ አይጠይቅም።
አንለይ ነበር ያኔ እጁን የሚሰደው፣
«ሥጋው ምን በደለ!» ብሎ የሚወስደው።

አምና መሐል ሜዳ ዝውውር ወጣለት፤
«አንለይ» ብለው ነበር ስሙን ያወጡለት።
ሲደውል፣ «የናንተ ብርድ ብርድ አልነበር!»
ይላል። ኔትወርኩ ይሄዳል። በቃ።

ዛሬም ሐሙስ ነበር።
ከዩኒቨርሲቲው ማዶ አዲስ ቤት ገባን፤
«ውጡ» አልተባልንም፣
ሚጥሚጣውም ከቦርሳ አልወጣ።
አንዲት ቁራጭ ቀረች።
«ብላ» «አንቺ ብይ» «እኔማ ጠግቤ»
ነጣች። ሦስታችንም አየናት።
አስተናጋጇ መጥታ «ላንሣው?» ስትል
«ቆዪ!» አልናት ባንድ አፍ።
ቆየች፣ ፎጣዋን እንደያዘች።

እኔም፣ እንጃ ለምን፣
ሒሳቡን ቀድሜ ከፈልኩ።