የላዳው ወንበር

ካሰላ ተጭኖ የመጣ ትራክተር
በሩን ዘግቶት ያድራል፣ እኛ አብነት ሰፈር።
በብረቱ ወንበር ወገቡ እየላላ፣
አማቼ ገመዳ ቆሞ ምሳ በላ።

ቁራሌው ሲገዛኝ አሮጌ ላዳዬን፣
ነቅዬ አስቀረሁ ወንበሬን፣ ዕድሜዬን።
መሪውን ዝቅ ላርገው፣ ፍሬኑን ላቅርበው፣
ጥላ ልበይድለት ፀሐይ እንዳይበላው
ብዬ፣ ከሱማሌ ተራ ሁለት ሞላ ገዛሁ፤
ስበይድ አምሽቼ ቆጣሪ አፈነዳሁ።

የወይንሸት ሻማ ይዛ ልትሰድበኝ ወጥታ፣
ጉብ ብዬ ብታገኘኝ፣ ስድቧን ረስታ፣
«ስታዲየም ስንት ነው?» አለች።
እግሬ ፍሪሲዮን ፈለገ። ዋጋ አልጠራሁም።

ነገ ይሄዳል እንግዲህ፣ ስንዴ ሊያይ አሰላ፤
ስፖንጁ እንደሁ በኔ ልክ ጎድጉዷል፤
ገመዳ ይልመደው። እኔ ቆሜ ልብላ።