ሁለት መቶ አሥራ አራት አምፖል

ካርቶኑ ላይ ጻፈ፥ «ይሰበራል» ብሎ፤
ብርጭቆ ሣለበት፥ ዣንጥላም አክሎ፥
ማንበብ የሰነፈ ተሸካሚ ቢኖር
ሥዕሉን አይቶ እንኳ እንዲረግጥ በክብር።

ሃያ ሰባት ዓመት አይንድሆቨን ፋብሪካ ኖሮ፥
ሲያበራ፥ ሲያጠፋ፥ ሲመዘግብ አድሮ፥
ኮርኔሊስ ጡረታ በወጣበት ማታ
አንድ አምፖል በኪሱ፤ ይኸው ነው ስጦታ።
«የመጨረሻዬ ነው» አለኝ፤ እኔም ሳቅሁ፤
የመጀመሪያው እንደ ነበር መች ዐወቅሁ።
ያን ሌት አበራነው፤ እራታችንን በላንበት፤
ከዚያ ፈታው፥ በጥጥ ጠቀለለው፥ «ቁጥር አንድ» ብሎ ጻፈበት።

እሑድ በመጣ ቁጥር ገበያ ሲዞር ዋለ፤
ይሄኛው ከጥርስ ሐኪም ቤት የተነቀለ፥
ያ ሹሉ ከጀልባ፥ ክቡ ከፈረስ ጋጣ፤
ሰማያዊ ቅቡ ደግሞ፥ ቦምብ ጣይ በመጣ
ሌሊት የሚበራው፥ ደጅ እንዳይታይ ተብሎ፥
ከአንዲት መበለት ወሰደው፥ በኬክ አባብሎ።
እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረሰ፤
የኔ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አልጋ ሥር ፈለሰ።

ዘንድሮ ጉልበቱ «ደረጃ ይብቃኝ» አለ፤
ከዶመል ወንዝ ማዶ ምድር ቤት አለ ተባለ፤
ማሸጉን ጀመርን።
ከዳቦ ቤቱ የእንቁላል መያዣ ለመንን፤
አልበቃም። የቤቱን ካልሲ ሁሉ ሰበሰብን።
አንድ አምፖል ለአንድ ካልሲ። ጥንዱ ሁሉ ተፋታ፤
እኔም ባዶ እግሬን ቀረሁ፥ በታኅሣሥ ማታ።
እሱ እያንዳንዱን ጆሮው ሥር ቀስ አርጎ ይነቀንቃል፤
ክሩ የተበጠሰ ቅጭል ይላል፥ ይታወቃል።
«የተቃጠለውን ምን ልትሠራበት ነው?» አልሁት፤
«ላንቺ ነው የጠፋ፤ እኔ ሲበራ ነው ያየሁት።»

ጐረምሶቹ መጡ፤ መሰላል በመስኮት ቀጠሉ፤
ሶፋው በአየር ወረደ፥ አልጋው፥ ቁም ሣጥኑ፥ ሁሉ።
«ይሰበራል» ብሎ ማንም ያልጻፈበት
የብረት ድስቴ ግን ጆሮው ተቆረጠበት።
አምፖሎቹን «ለሰው አልሰጥም» አለ፤
ብስክሌቱ ላይ በገመድ አሰረ፥ አስተካከለ፤
እሱ እየገፋ፥ እኔ ኮርቻውን ይዤ ከኋላ፥
እንደ ቀብር ሸኚ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፥
አምስት ጊዜ ተሻገርን ድልድዩን፥ ጫማው እግሬን እስኪበላ።

ደረስን። ቤቱ ራቁቱን ነው።
የለቀቁት ሰዎች፥ እንዳገሩ ወግ፥ ወለሉን ሳይቀር ነቅለው፥
መጋረጃውን፥ መብራቱን፥ የምስማሩን ራስ ሳይቀር ወስደው፥
ከጣራው አራት ባዶ ማቀፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ፤
ዐሥር ተኩል እንኳ አልሞላም፥ ሰማዩ ጠቁሯል ቶሎ።
«አንዱን ካርቶን ፍታ» አልሁት።
«የቱን? ያኛው አንገቱ ሰፊ፥
ያ ኃይሉ ሌላ፥ ይሄ ሽማግሌ ነው፥ ካበሩት ዕድሜው አላፊ።»
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፥
ሁለታችን ጨለማ ውስጥ፥ አምፖሎቹ ካልሲ ውስጥ እንዳሉ።

በር ተንኳኳ። የላይ ፎቅ ልጅ ናት፥ ዘጠኝ ቢሆናት፥ ፌምከ፤
አንድ አምፖል ይዛለች።
«እማዬ ላከችው» ብላ ስትሰጠው፥ ከእጇ አፈተለከ።
ልባችን ቀጥ አለ።
ወለሉ ላይ ነጠረ፤ ሦስቴ፤ ተንከባለለ፤
ምንም አልሆነ። ፕላስቲክ ነው።
ኮርኔሊስ አነሣው፤ እንደ ተሰደበ ሰው
ዐየው፤ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፤
ምንም ሳይናገር ወንበር ላይ ወጥቶ ሰቀለው።
በራ።

በዚያ ብርሃን ካልሲ ስንፈታ፥ እኩለ ሌሊት ሆነ፤
አንድም አልተሰነጠቀም፥ አንድም አልባከነ።
ቁጥር አንድ መጨረሻ ወጣ።
ብርጭቆው ደኅና ነው፤ ጭረት እንኳ የለው።
ነቀነቀው።
ቅጭል።
ቀና ብሎ ዐየኝ።
«ላንተ ነው የጠፋ» አልሁት፤
የሚቀጥለውን ራሱ ያውቀዋል፤ ተውሁት።
ካልሲውን ብቻ፥ የእጁ ሙቀት ገና ሳይለየው፥ እግሬ ላይ አጠለቅሁት።