ፍራሽ

ናይፍ መንገድ ዳር፣ ከወርቁ ገበያ ጀርባ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ክሊኒክ ስንገባ
ዘሪሁን ቁስለኛ፣ እኔ አስተርጓሚው፤
ደም የጠጣ ፎጣ የያዝሁለት እኔው።

ሲስተር ሺጂ መጣች እንቅልፍ እንዳጣች፣
ቅንድቡን ስትሰፋ አምስት ጊዜ ወጋች።
"ምን መታህ?" አላለች። "ማን?" ብላ ጠየቀች።
እኔም ጥያቄዋን በአማርኛ ስናገር
መልሱን አውቀው ነበር፣
የስድስቱን ስም ከነአልጋቸው ቁጥር።

ዘሪሁን ዝም አለ።
ኤሲው ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ተሰማ።
ዝምታው ገባት መሰል፣
ከካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈችው፦
ሆሞፎቢያ።
ቆም ብላ አየችው፣
ላጲስ አነሣችና ፍቃ አጠፋችው።
እዚህ አገር ይህ ቃል መቺን አይከስም፤
ተመቺን ነው እንጂ የሚያስይዝ በስም።
በብዕር የቀረው "ከደረጃ ወደቀ" ነው።

"በእናንተ ቋንቋ ግን ምን ይባላል?" አለችኝ፣
ጓንቷን እያወለቀች፣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ቃል ሸጬ በልቻለሁ፤
ኮንትራት፣ ስንብት፣ ይግባኝ መልሻለሁ።
ይህኛው አቃተኝ።

ፍርሃት ልላት ነበር። ማን ነበር የፈራ?
ተካልኝ ቀበቶ በእጁ ጠምጥሞ ሲያቅራራ?
ሻምበል ነው? ከድር ነው፣ በሩን የቆለፈው?
የሚንቀጠቀጠው ዘሪሁን ብቻ ነው።
ስልኩን ነጥቀው ሲከፍቱ ያገኙት መልእክት
"እራት በላህ ወይ?" ነው፤ መጨረሻው ላይ ልብ፣ ቀይ ምልክት።
ላኪው ወንድ ነበር።

ጥላቻ ልላት አልሁ። ጥላ አለ ውስጡ፤
ሃምሳ ዲግሪ ፀሐይ የጠበሳቸው፣ ፎርማን የሰደባቸው፣
ማታ ከሥሩ ገብተው፣ እፎይ ብለው ሲቀመጡ
አይቻለሁ።

ባለፈው ረመዳን ትኩሳት ጥሎኝ ሳለ
ፎጣ እየነከረ ሦስት ሌሊት የታገለ
ይኸው ሰው ነበረ። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለ።

ፍራሹን በደረጃው ቁልቁል ወረወሩት።
ፍራሽ። እስቲ የዚህን ቃል ጫፉን ቁረጡት፤
ፍራ ነው የሚተርፍ።
ትእዛዙ ለእሱ አልነበረም፤ እሱ ፈርቶ አብቅቷል።
እኔ በር አጠገብ፣ አንድ ካልሲ በእጄ፣
አንዲት ቃል አፌ ላይ ይዤ፦
ተው።
ሁለት ፊደል።
"አንተስ?" ይሉኛል ብዬ መልሼ ዋጥኋት።

"ቃሉ የለንም" አልኋት።

ያን ያህል እንግሊዝኛ እሱም አያጣም፤
"አለን" አለ ዘሪሁን። ድምፁ ከፍ አላለም፣
በተሰፋው ቅንድብ ሥር አየኝና
ስሜን ጠራ።

ሺጂም ቃሉ መስሏት እርሳሷን አነሣች፣
ከጠርዙ ላይ፣ እንደሰማችው ጻፈች።

ላጲሱን ጠበቅሁ።