ጠመኔ

ቁልፉን ያስረከቡኝ ማክሰኞ ነው ጠዋት፤
ፊሽካና መዝገቡን፣ የሠላሳ ሰው ፊት።
ሙሴ አብዶሽ ጡረታ በወጡ በሳምንት
እኔ ሼፍ ተባልሁ
ከለገሃር ጀርባ ባለው ጥገና ቤት።

ድሬ በዚያ ሰዓት ገና አልጋለችም፤
ከዚራ ጥላዋን ከመንገድ አላነሣችም።
ቆርቆሮው ግን ያውቃል የሚመጣበትን፣
ፀሐይ ገና ስትነካው
ቋ፣ ቋ እያለ ያፍታታል አጥንቱን።

ነፋሁት ፊሽካውን።
ሳንባዬ እስኪጎድል ነፋሁት ፊሽካውን።
«ሮብሌ፣ ብየዳው! ወርዶፋ፣ ቶርኖውን!
ሦስት ፉርጎ ይውጣ፣ ሰበብ እንዳልሰማ!»
እጅ ሁሉ ታዘዘኝ፤
ዓይን ግን ዞር አለ ወደ ግድግዳው ጨለማ።

አንድ ሳምንት ሙሉ በፊሽካ መራሁ፤
ምሳ ሰዓት ሲደርስ ብቻዬን በላሁ።
ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሳቃቸው ይሰማል፤
ስጠጋ ግን ያ ሳቅ
እንደ ደቻቱ ውኃ አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል።

ከዚያ ያ ሐሙስ ቀን፣
ወርዶፋ ቶርኖው ላይ ዘንጉን እያዞረ
«ልኩ ልክ አይደለም» ብሎኝም ነበረ።
አልጠየቅሁትም ስንት ዓመት እንደሠራ፤
«ወረቀቱ ያዛል፣ አንተ ዝም ብለህ ሥራ!»

ቆረጠው።
ሁለት ሚሊ ሜትር፣ የጥፍር ጫፍ ያህል።
ብረት እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅል።

ከላይ ተደወለ፤ «የማነው ጥፋቱ?»
ስልኩን እንደያዝሁ ወርዶፋን አየሁት፣ በቢሮው መስኮቱ፤
ጓንቱን አውልቆ ቆሟል፣ ስሙን እየጠበቀ።
አልዋሽም፣
ስሙ ምላሴ ላይ ነበር።
«አጣራለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ማታ በባጃጅ ወጣሁ ወደ ሳቢያን።
ሽርጥ ታጥቀው ደጅ ላይ ሐብሐብ ሲቆራርጡ
አገኘሁ ሽማግሌውን።
ምክር አልሰጡኝም፤ ቁራጭ ሰጡኝ እንጂ።
«ጠመኔዬን አገኘሽ?» አሉ ዘሩን እየተፉ።
«የቱን?»
«እንግዲያው ሳጥኑን አልከፈትሽም።»
ሌላ አላሉም። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣
ጅቡቲ ስለቀረው ልጃቸው።

ዓርብ ከፊሽካው በፊት፣ ጨለማው ሳይለቅ፣
የመፍቻውን ሳጥን ከፈትሁት።
ከክዳኑ ውስጥ በኩል፣ ግማሹን ላብ፣ ግማሹን ግሪስ ያጠፋው
የሙሴ አብዶሽ ጽሑፍ፦
«ግንቦት ሦስት። ፍሬኑን ሳላይ አሳለፍሁ። እኔ።
ሮብሌን ሳልሰማው ሰው ፊት ሰደብሁት። እኔ።
ተናኘ ፈቃድ ጠይቃኝ ረሳሁ። እናቷን ሳታያት ቀረች። እኔ።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እኔ» በ«እኔ» ላይ።

ሁሉም ያውቁት ነበር።
መፍቻ ሊያነሣ የመጣ ሁሉ እያነበበው ኖሯል።
እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት፤
መፍቻ የማላነሣ አለቃ ነበርሁና።

ጠመኔው የአውራ ጣቴን ጥፍር አያህልም።
ጻፍሁ፦
«ወርዶፋ ነግሮኝ ነበር። አልሰማሁትም። ዘንጉ። እኔ።»
ወደ ላይም ደውዬ ያንኑ አነበብሁላቸው፤
የአሥር ቀን ደመወዝ ቆረጡ፣
እሱም እንደ ብረቱ ተመልሶ አይበቅል።

ወርዶፋ አነበበ። ምንም አላለኝም።
ይቅር አለኝ ብዬ እዚህ ላይ አልጽፍም።
ብቻ ወደ አራት ሰዓት፣ ጣራው ሲንጣጣ፣
«ነይማ ሼፍ» አለ፣
«ይሄ የቶርኖው ድምፅ ካንዱ ጎን ሲመጣ
ይሰማሻል?»

ፊሽካው ኪሴ ነበር።
ጆሮዬን አስጠጋሁ ከሞቀው ብረት ላይ።
ምንም አልሰማሁም።
«ቆዪ» አለኝ፣ «ቆዪ።»

ቆየሁ።